ሰማንያ ስድስት

«ማዘር፣ ያው ነሽ» አለኝ ልጁ፣ ወደ መርፌው ጎንበስ ብሎ።

ሜክሲኮ አደባባይ፣ የታክሲው ሰልፍ ጫፍ ላይ፣ ካርቶን አንጥፎ አንድ አሮጌ ሚዛን የሚያስቀምጥ ልጅ ነበር። 5 ብር ትከፍያለሽ፣ ጫማሽን ታወልቂያለሽ፣ ቦርሳሽን እሱ ይይዝልሻል፤ ከዚያ ኪሎሽን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሰልፉ በሙሉ ይሰማል። በዚያ ሳምንት ብቻ ለአራተኛ ጊዜ መውጣቴ ነበር። ሰኞ 86፣ ማክሰኞ 86፣ ረቡዕ 86። አርብ ዕለት ግማሽ ኪሎ የጨመርኩ መስሎኝ ሹራቤን አውልቄ ደግሜ ወጣሁ። ለድጋሚው አላስከፈለኝም። ያዘነልኝ ይመስለኛል።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ገቢና ወጪ ሳስታርቅ ኖሬያለሁ፤ ወር ሲዘጋ ሁለት ብር ብትጎድል እንቅልፍ አይወስደኝም። ያኔ፣ የካቲት 2015 ዓ.ም.፣ አልታረቅ ያለኝ ሂሳብ የራሴ ሰውነት ነበር። የሚገባው ትንሽ፣ የሚወጣው ብዙ፣ ሚዛኑ ላይ ግን ንቅንቅ የለም።

መነሻዬ 104 ኪሎ ነበር። ግንቦት 2014 ዓ.ም. ለሌላ ነገር ሐኪም ቤት ሄጄ የሦስት ወር ስኳር አሠሩኝ፤ 6.3 መጣ። «ስኳር አልያዘሽም፤ በሩ ላይ ግን ቆመሻል» አለችኝ ሐኪሟ። ከ5.7 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ነው፣ 6.5 ሲደርስ በሽታው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት አንድ ወር ደንግጦ ይተወው ነበር። እኔ ግን አባቴን ስኳር ሲወስደው አይቻለሁ። መጀመሪያ አውራ ጣቱን፣ ቀጥሎ እግሩን ከቁርጭምጭሚት በታች፣ በመጨረሻ እሱን። የአባቴ ጫማዎች አሁንም ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት አሉ፤ የግራው ብቻ አልቋል።

ስለ መጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ብዙ የምለው የለኝም፣ ቀላል ነበሩ። የቡናዬን ስኳር ተውኩ፤ በሲኒ ሁለት ማንኪያ፣ ከአቦል እስከ በረካ ስድስት ማንኪያ ነበር። ለስላሳ ተውኩ። የማታ እንጀራዬን ከሁለት ወደ አንድ አወረድኩ። ጠዋት ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ ከቂርቆስ እስከ መስቀል አደባባይ በእግሬ ሄጄ፣ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ከሚሮጡት ወጣቶች ዳር ዳሩን መራመድ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ወር 5 ኪሎ ወረደ። ከዚያ ውስጥ ብዙው ውኃ እንደነበረ የገባኝ በኋላ ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ስኳር፣ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ አቅፎ ነው የሚኖረው፤ ስኳሩ ወጪ ሲሆን ውኃውም ተከትሎት ይወጣል። እኔ ግን ያን ጊዜ በሩን ዘግቼ እልል ያልኩት ለስብ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ለገና መጥታ በሩ ላይ እንዳየችኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ልጄ፣ ምን በላሽ?» ምን እንደበላሁ ሳይሆን ምን እንደበላኝ መጠየቋ ነው። ሰላምታ ሳትሰጠኝ ጓዳ ገብታ ገንፎ ልታነሣ ድስት ፈለገች። እኛ ዘንድ «ወፈርሽ» ምርቃት ነው፣ «ከሳሽ» ደግሞ ሐዘንተኛ ቤት የሚነገር ቃል። የእኔ እኩዮች ኤችአይቪ ገና በስሙ ሳይጠራ «አመንምን» ይባል የነበረበትን ጊዜ እናስታውሳለን፤ የመነመነ ሰው ሲያልፍ ሰው እንዴት ዝም ይል እንደነበረም እናስታውሳለን። አንዲት ጎረቤቴ አንድ ማታ ብቻዬን መሆኔን ጠብቃ መጣችና እጄን ያዘች። «የኔ እህት፣ አሁን እኮ መድኃኒት አለው፤ በጊዜ ከጀመሩት እንደ ማንኛውም ሰው ይኖራል» አለችኝ። አመሰገንኳት። ምን ልበል? ያ ሁሉ ደረጃ፣ ያ ሁሉ ያልተነካ እንጀራ፣ በሰፈሬ ዓይን የበሽታ ምልክት ነበር። ሆኖም ሚዛኑ እስከወረደ ድረስ የሰው አፍ አላስቸገረኝም። ችግሩ የመጣው ሚዛኑ ሲቆም ነው።

ለጥምቀት 86 ነበርኩ። ታቦት ልናጅብ ከመውጣታችን በፊት ቤት ባለችው ሚዛን ላይ ወጥቼ ቁጥሩን ስናገር ባለቤቴ አጨበጨበ። 18 ኪሎ! በዚያው ሳምንት ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ግንቦት ላይ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሠርግ ስለነበር ቀሚስ አዝዤ ነበር። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ናቸው፤ የእናቴንም ቀሚስ እሳቸው ናቸው የሰፉት።

«ጋሼ፣ ወገቡን ጠበብ አድርገው ይስፉልኝ፤ እስከ ፋሲካ 80 እገባለሁ» አልኳቸው።

ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ የምለካው ዛሬ የመጣውን ሰው ነው። ፋሲካ ላይ የሚመጣውን ፋሲካ ላይ እለካዋለሁ።»

ወገቤ 102 ሳንቲ ሜትር መጣ። ጻፉት። ቅር አለኝ። 80 ያልኩት ከባዶ ተነሥቼ አልነበረምና። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ነው ይባላል፤ በቀን የማጎድለውን በሦስት ወር አባዝቼ፣ ለ7,700 አካፍዬ፣ በሠንጠረዥ ሠርቼ፣ ቢሮ የጠረጴዛዬ መስተዋት ሥር አስገብቼው ነበር። ከሠንጠረዡ በታች መስመር አሥምሬበት ነበር፣ እንደተዘጋ ሂሳብ።

ጥር አለቀ፣ 86። የካቲት 13 ዐቢይ ጾም ገባ። ሁሉም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ «በጾሙማ ትረግፊያለሽ» አልን። 55 ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ። ከዚህ በላይ ምን አመጋገብ አለ? አንደኛው ሳምንት አለፈ፣ 86። ሁለተኛው፣ 86 ከምናምን። ቢሮ ያሉት ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉኛል። የእኔ እንቁላል ግን ጎጆው ውስጥ ጋደም ብሎ ነበር።

ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ የመጀመሪያዋ ሐኪም አልነበረችም፣ ሌላ አየኝ። ደብተሬን አወጣሁለት። ስምንት ወር ሙሉ የበላሁትን በየቀኑ የጻፍኩበት ነው። አልከፈተውም። «እትዬ፣ ትበያለሽ እንጂ ከአየር አይመጣም» አለኝና የሚቀጥለውን ተረኛ ጠራ። ደረጃውን ስወርድ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። በሰው ፊት የማጭበርበር ሒሳብ ሠራሽ የተባልኩ ያህል ነው የተሰማኝ። በኋላ እንዳየሁት ግማሽ እውነት ነበረው፤ ይህም ይበልጥ ያናድደኛል።

ከዚያ የሠራሁት ሁሉ የእልህ ነበር። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መብላት ጀመርኩ፤ ከዘጠኝ ሰዓት ወደ ማታ አሥራ ሁለት ገፋሁት። መስቀል አደባባይ ላይ መራመዱን ትቼ ደረጃውን መሮጥ ያዝኩ፣ ጉልበቴ እየጮኸ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ በስልኬ የምግብ አሠራር አያለሁ፤ የዶሮ ወጥ፣ የክትፎ፣ በሕይወቴ የማልሠራው የጣልያን ኬክ ሳይቀር። ቢሮ ጋቢ ለብሼ እቀመጣለሁ። «የካቲት ላይ ጋቢ?» ይሉኛል። ይበርደኛል፣ ምን ላድርግ። ፀጉሬ በማበጠሪያ እየመጣ ነው። በጾሙ አጋማሽ ገደማ አንድ ማለዳ ምጣድ ፊት ቆሜ ዓይኔ ጨለመ፤ ባለቤቴ ከወለሉ ላይ ነው ያነሣኝ። የአብሲት ጆጉ ተደፍቶ ነበር፤ ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ አብሲቱ ነው።

የንስሐ አባቴ ወሬውን ከእናቴ ሰምተው መጡ። ጠበል ረጭተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ሰዓቱን ለምን እንደገፋሁት ጠየቁኝ። ዞር ዞር አልኩ። «ለማን ነው የምትጾሚው ልጄ? ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለሚዛኑ?» አሉኝ። ከሁሉ ሐኪም በፊት ያን ጥያቄ ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው። ከነገው ጀምሮ በዘጠኝ ሰዓት ብይ አሉኝ፣ በላሁ።

የእህቴ ልጅ ሕክምና ይማራል፤ አምስተኛ ዓመት ነበር። መውደቄን ሰምቶ ቅዳሜ መጣ፣ ደብተሬንም ከፈተው። እንደ ፈተና ወረቀት እያንዳንዱን ገጽ አገላበጠ። ከዚያ ቀና አለና «አክስቴ፣ ደመወዝሽ በአንድ ሦስተኛ ቢቀነስ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ።

«ወጪ እቀንሳለሁ።»

«በቃ። ሰውነትሽም እንደዚያው ነው ያደረገው። አንቺ ደመወዙን ቆረጥሽበት፣ እሱ ደግሞ መብራት አጠፋ።»

እስክሪብቶ አነሣንና አብረን አሰላነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀመር አለ፤ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ፆታ ገብቶበት፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ቢውል እንኳ የሚያቃጥለውን ይገምታል። በ104 ኪሎዬ 1,680 ካሎሪ ገደማ ወጣ፤ በ86 ደግሞ 1,500። ሥራና መንገድ ሲጨመርበት ልዩነቱ በቀን 250 ያህል ይሆናል። ይህን ያህል የሚቀንሰው ሰውነቴ ስላነሰ ብቻ ነው፤ የሚሸከመው ሥጋ ያነሰ ሰው ደረጃ ሲወጣም የሚከፍለው ያነሰ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ግን እስከ መጨረሻው የ104 ኪሎዋን ሴት ነበር የሚያሰላው። የ7,700ዋን ነገር ጠየቅሁት፤ ማክስ ዊሽኖፍስኪ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1958 እ.ኤ.አ. ለአንድ ፓውንድ 3,500 ካሎሪ ብሎ ያወጣው ስሌት ልጅ ናት። ስቡን ሲያቃጥሉት ልክ ነው አለኝ፤ ሰውየው እየከሳ ሲሄድ ወጪው አብሮ እንደሚቀንስ ግን አይቆጥርም። ሃምሳ ስልሳ ዓመት ሙሉ ስንት ሰው በዚያ ስሌት ራሱን ሌባ ብሎ ይሆን?

ማታ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ፤ ስለ ሚኒሶታ። በ1944 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ አንሰል ኪስ የሚባል ሰው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣቶችን ሰበሰበ። በሃይማኖትና በኅሊና ምክንያት ጦርነቱ ውስጥ አንገባም ያሉ ፈቃደኞች ናቸው። 24 ሳምንት በግማሽ ምግብ አኖራቸው፤ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራመዱ ነበር። ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል ወረደ፤ ከዚያ ወደ መጨረሻው መውረዱ እየዘገመ ሄዶ ሊቆም ደረሰ። ተኝተው የሚያቃጥሉት እስከ 40 ከመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። በበጋ ይበርዳቸው ነበር። ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። እና የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ነበር፣ ወንዶቹ! እዚህ ጋ ስደርስ በሌሊት ብቻዬን ሳቅሁ። ጋቢዬን ለብሼ፣ የጣልያን ኬክ የሚጋገርበትን ቪዲዮ ቆም አድርጌ ነበርና የማነበው። እነሱ አጥንታቸው የወጣ ቀጫጭን ሰዎች ነበሩ፣ እኔ ገና 86 ኪሎ ነኝ፤ አንድ አይደለንም። ሆኖም የማላውቃቸው ሰዎች በማላውቀው አገር ቢሮዬ ውስጥ አብረውኝ እንደሚንቀጠቀጡ ዓይነት ስሜት ነበር።

ይኼ ሁሉ አጽናናኝ። ግን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከማጽናኛ በኋላም ቢሆን የጎደለው መገኘት አለበት። 250ው የቱ ጋ እንደሄደ ገባኝ። በቀን አንድ ጊዜ በመብላት የቆረጥኩትስ? እሱስ የት ገባ?

ኦዲት ጀመርኩ። ደብተሬ ላይ «ሽሮ፣ አንድ ጭልፋ» የሚል አለ፣ በየገጹ ማለት ይቻላል። ሽሮው ውስጥ ያለው ዘይት ግን የትም አልተጻፈም። ወጥ የምሠራው በዓይኔ ነው፤ እናቴም በዓይኗ፣ አያቴም በዓይኗ። ስለዚህ ከጀሪካኑ ተነሣሁ። በፍስክ 5 ሊትር ዘይት ለአምስት ሰው 30 ቀን ይቆየኛል፤ ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በጾሙ የተገዛው ጀሪካን ግን በ18 ቀን ነበር ያለቀው። 55 ሚሊ ሊትር። ቅቤ ሲወጣ ዘይት ይገባል፤ ሽሮው ካልተዘየተ ልጆቹ አይበሉም፤ ፓስታው፣ የጾም ሳምቡሳው፣ ድንች ጥብሱ አለ። በልዩነቱ ብቻ በቀን 180 ካሎሪ የሚያህል፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሳልጽፈው እየዋጥኩ ነበር። በቀን አንድ ጊዜ መብላቴም አላዳነኝም፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የጠበቀ ሰው ጭልፋውን እንዴት እንደሚሞላ ራሴው አውቃለሁ።

ሌላም ነበር። ወጥ ስሠራ የምቀምሰው። ትንሿ ልጄ የምታስተርፈው ዳቦ፣ ለመጣል የሚያሳዝነኝ። ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ለውዝ የበዛበት ቆሎ፣ «ቆሎ እኮ ነው» እያልኩ። ለውዝ በ100 ግራም 550 ካሎሪ አያንሰውም። እኔ በሥራዬ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ላይ አልፈርምም፤ ስንቱን ሰው አመላልሼበታለሁ። በገዛ ደብተሬ ላይ ግን ደረሰኝ ያልነበረው ግማሹ ነበር። ያ ሐኪም ደብተሩን ቢከፍት ኖሮ አብረን ባገኘነው ነበር።

የመጨረሻዋን ያገኘችልኝ ደግሞ ያችው ትንሿ ልጄ ናት። አንድ ማታ ውኃ አምጪልኝ ስላት ወገቧን ይዛ «እማ፣ አሁን አሁን ሁሉንም ነገር በእኔ ነው የምታስመጪው» አለች። እውነቷን ነው። ሪሞቱን፣ ስልኬን፣ ነጠላዬን። ድሮ በ104 ኪሎዬ ብድግ ቁጭ እል የነበርኩ ሴትዮ፣ ጠዋት ደረጃ ሮጬ ከመጣሁ በኋላ ቀኑን ሙሉ ወንበሬ ላይ ተለጥፌ እውላለሁ። ሰውነቴ ጠዋት ያወጣውን ማታ በስንፍና ያስመልስ ነበር፣ እኔ ሳላውቅ። የታክሲ ሁለት ፌርማታ እንኳ በእግሬ መሄድ ትቼ ነበር፣ «ዛሬ ሮጫለሁ» እያልኩ።

ሕማማት መጣ። የስቅለት ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ሰገድኩ። በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ 87.2። ጡንቻ ሲጎዳ ውኃ ይይዛል አለኝ የእህቴ ልጅ በስልክ። የትንሣኤ ሌሊት፣ ሚያዝያ 8፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮ ወጥ በላሁ፣ ከነእንቁላሉ፣ ጉርሻ ሳልመልስ። እናቴ ለሦስተኛ ስታጎርሰኝ «እኔን አፈር ስሆን» አለች፤ ለዚያ ቃል መልስ የለም። ማክሰኞ 88። ድሮ ቢሆን እሞት ነበር። በዳግማይ ትንሣኤ 86 ሆኖ ተመለሰ። ጨው ነው፣ እንጀራ ነው፣ ገና ያልወጣ ምግብ ነው። በአራት ቀን ሁለት ኪሎ ስብ የሚሠራ ዶሮ የለም።

በዚያ ሳምንት ነው ሽሮ ሜዳ ተመልሼ የሄድኩት፣ ቀሚሱን ልሞክር። አንገቴን ደፍቼ ነበር። 80 ብዬ ደንፍቼ፣ በሦስት ወር አንድ ኪሎ አልወረድኩም። ሽማግሌው ቀሚሱን አለበሱኝ፣ በስተጀርባ ወገቡን በሁለት ጣታቸው ቆነጠጡት፣ ዝም ብለው ሜትራቸውን አወረዱ።

«98» አሉ።

«ይሳሳታሉ ጋሼ፣ ኪሎዬ ያው ነው።»

«ኪሎሽን አላውቅም፤ እኔ ሚዛን የለኝም። ወገብሽ 98 ነው።» ደብተራቸውን ከፍተው የጥሩን ቁጥር አሳዩኝ፣ 102፣ በራሳቸው እጅ። አራት ሳንቲ ሜትር። ሜክሲኮ ያለው ልጅ «ያው ነሽ» ባለኝ ሳምንት ሁሉ ይሄ ቀሚስ እዚህ ተንጠልጥሎ በእኔ ላይ ይሰፋ ነበር። በዚያው ወር የሦስት ወር ስኳሬን አሠራሁ፤ 5.6። ከመስመሩ በታች። ሐኪሟ ወረቀቱን እያየች «ምን አደረግሽ?» አለችኝ። «ምንም፣ ቆሜ ነበር» አልኳት።

ከፋሲካ በኋላ ያደረግሁት ብዙ አይደለም። ዘይት በሾርባ ማንኪያ መለካት ጀመርኩ፤ ለድስቱ አራት፣ ከዚያ ክዳኑን መዝጋት። ልጆቹ ሁለት ሳምንት አኩርፈው ለመዱት። በቀን ሦስት ጊዜ መብላት ጀመርኩ፣ እንቁላልና ምስር ጨምሬ። ባዶውን የዘይት ጀሪካን ውኃ ሞልቼ፣ በየእጄ አንድ አንድ፣ ጠዋት ጠዋት ጓዳ ውስጥ ማንሣት ያዝኩ፤ 5 ሊትር ውኃ 5 ኪሎ ነው፣ ለጂም የሚከፈል የለም። ደረጃ መሮጡን ተውኩት፤ ከሥራ ስመለስ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብዬ እወርዳለሁ። ሚዛን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤት ባለችው። የአንድ ቀን ቁጥር ማየት ትቼ የአራት ቅዳሜ አማካይ እጽፋለሁ።

ግንቦት ሠርጉ ላይ 84.8 ነበርኩ። በመስከረም 82። በኅዳር 2016 ዓ.ም. 81፤ ከዚያ ደግሞ ቆመ። ይህን ስጽፍም ቆሟል። ይኸኛው መቆም ግን እንደ ፊተኛው አላባነነኝም። የእህቴ ልጅ፣ አሁን ዶክተር ሆኗል፣ ሌላ ጽሑፍ ልኮልኝ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ውድድር ብዙ ክብደት የቀነሱ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲለኳቸው፣ ብዙዎቹ ኪሎው ተመልሶባቸው፣ ሰውነታቸው ግን በቀን ከሚጠበቀው ወደ 500 ካሎሪ ያነሰ እያቃጠለ አገኟቸው። ባልላከልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሆኖም አሁን 81 ላይ መቆም ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። በየቀኑ አራት ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት ፌርማታ፣ ሁለት ጀሪካን። የማይታይ ሥራ ነው እንጂ ሥራ ነው።

ሜክሲኮ ያለውን ልጅ አንድ ቀን አገኘሁት። አድጓል፣ ሚዛኑን ቀይሯል፤ የአሁኑ መርፌ የለውም፣ ቁጥሩ በመብራት ይወጣል። «ማዘር፣ ጠፋሽ! ነይ ውጪ» አለኝ። 5 ብሩን ሰጠሁት፣ አልወጣሁም። አንተስ ስንት ነህ አልኩት። ቆይ ብሎ ወጣ፣ 51። «እኔ መቼም አልጨምርም» አለ እየሳቀ። ታክሲዬ መጣ።

ባለፈው ዓመት ለእንቁጣጣሽ አዲስ ቀሚስ ልታሰፋ እናቴ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትሄድ አጅቤያት ሄድኩ፤ የእኔንም የሠርጉን ቀሚስ ይዤ፣ ሰፍቶኝ ስለነበር እንዲያጠብቡልኝ። ሽማግሌው ጎኑን በምላጭ ፈቱት። ከውስጥ በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ጣት የሚሆን ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ትርፍ ነው። ሁልጊዜ አስቀምጣለሁ። ሴት ታረግዛለች፣ ሰው ይወፍራል፣ ሰው ይከሳል።» መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «አሁን ግን ወገቡን ሳጠብበው ይበዛል፤ ይጎረብጥሻል። ልቁረጠው ወይስ ልጠፈው?»

እናቴ ከበርጩማው ላይ ሆና ታየኛለች። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ይጠፉት» አልኳቸው።